ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለ ፀሐይ ለሚመክሩን

ለተከበሩ የበረሃው ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ያለ ዕረፍት ሲያጓራ ከውጭ ስለሚሰማን፣ ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። ይህን የምጽፈው ሁላችንም ሻለቃ እያልን የምንጠራውን የበር ጥበቃ ከሥራ ስላሰናበቱት፣ እንዲመልሱት ለመለመን ነው። ጊዜ ካገኙ የሚከተሉትንም ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

፩. ሰው ወደዚህ በረሃ በጨለማ የሚመጣው፣ ሙቀቱ ሳይነሣ ሸንተረሩ ላይ ደርሶ ለመመለስ ነው። እርስዎ ግን ስለ ሙቀት አደጋ ራስዎ ካልመከሩን በሩ አይከፈትም፤ የሚመጡትም ቁርስዎን በልተው ነው። ሻለቃን ያስባረረው ነገር በሆነበት ጠዋት እኔና ታላቅ እኅቴ ንጋቱን በአጥሩ ሽቦ ቀዳዳ አየነው። ከዚያ ደርሰው፣ ራስዎ ጥላ ውስጥ ቆመው፣ እኛን ፀሐይ ላይ አሰልፈው፣ ማልዶ መነሣት ስላለው ጥቅም በሰፊው አስረዱን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው ግን ጮሆ ሲጨርስ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ዕድል አይሰጥም። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ፣ እግዜር ይይለት፣ ጠየቀ።

፪. እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስለኖረች አንድ ቀን ከከፍታ ላይ ሩቅ ማየት አምሯት ነበር። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ወደቀች። ውሃ አለበት ወደተባለው ማረፊያ ብሮጥ፣ ያገኘሁት ውሃ እንድንቆጥብ የሚያሳስብ ሰሌዳ ብቻ ነው። ማሳሰቢያውን አክብረናል፤ አንዲት ጠብታ አላባከንንም።

፫. ጩኸታችንን ሰምቶ የመጣው ሻለቃ ነው። አዝሏት ሲወርድ እኅቴ አፍራ፣ «አውርደኝ ወንድሜ፣ እከብድሃለሁ» ብትለው፣ «ዝም በይ እቴ፣ የምትከብጂኝ ስታወሪ ነው» አላት። ትሕትና እንደሚጎድለው አልክድም። ሐኪሙ ግን ጥቂት ብትዘገይ ኖሮ ለቀብር እንጂ ለሕክምና አትበቃም ነበር ብሎኛል። እርስዎ በበኩልዎ፣ «ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታውን ለቋል» ብለው አባረሩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ሰዎች እርስዎን አያውቁም፤ እርስዎ ዳውላውን የመቱት አህያውን ፈርተው ሳይሆን አህያው ራስዎ ስለሆኑ ነው። ቃሉ ቢከብድ ይቅር ይበሉኝ፤ እኅቴ ገና ከአልጋ አልተነሣችም። ለቀሩት ሠራተኞችዎ፣ ሰው ሲወድቅ ፊትን ማዞር እንጀራን እንደሚያቆይ በአንድ ቀን ስላስተማሩልን ግን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ባርኔጣዬን፣ ጥላ ካገኘሁ፣ አውልቄ እጅ የምነሣዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሻለቃ ከተባረረ ወዲህ በሩን የሚጠብቅም የሚቆልፍም ሰው የለም። ትናንት ከጎረቤቶቼ ጋር ማንም ሳይመክረን በጨለማ ገብተን፣ ንጋቱን ከሸንተረሩ ላይ አይተን፣ ሙቀቱ ሳይነሣ እቤታችን ገባን። የወደቀ የለም። ሠራተኛ መቀነስዎ የግድ ከነበረ፣ የቀነሱት መቀነስ ያልነበረበትን ሰው መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ።