ከነበርኖስህ የተመዘንክ ቀን

ይድረስ ለደምሴ፣ ለልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እንደ ደብዳቤ ወግ ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ጤናህን በወጉ የጠየቀ ሰው ጠፍቶ ነው እዚህ የደረስነው። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴም ካንተ ይጀምራል።

ቤታችን ደህና ነው። ማርታ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። ሁለት ዶሮ ታረባለች፤ እንቁላሉን የምትቀቅለው ለእኔ ነው። የቫይረሱን መድኃኒት አብረን እንደጀመርነው እኔ አሁንም እውጣለሁ፤ ልጅህ ግን ሳልበላ እንድውጥ አትፈቅድም፣ ፊቴ ቆማ ሳህኑን ታስጨርሰኛለች። ቁጣዋ ያንተ ነው። ሌላውን መቆጣት የምታውቅ ሰው ለራስህ መቆጣት ምነው አቃተህ? ከጣርማ በር በግ እየነዳህ ደብረ ብርሃን ስትሸጥ ኖረህ፣ ሥጋ የምትቀምሰው በዓል ሲመጣ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ በባዶ ሆድህ ያጥወለውልሃል፤ ስላጥወለወለህ አትበላም፤ ስላልበላህ በማግስቱም ያጥወለውልሃል። እንዲህ ስትመነምን የደም ምርመራህ ጥሩ ነው ይሉን ነበር። ቫይረሱ ተሸንፎ አንተ በምግብ እጦት መሄድህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያን ቀን አትረሳውም። ጤና ጣቢያው ለከሳ ሰው የሚሰጠውን አልሚ ምግብ፣ ያንን የኦቾሎኒ ቅቤ የሚመስለውን፣ ሁለት ወር ወስደህ ፊትህ ትንሽ ወዝ አግኝቶ ነበር። በሦስተኛው ወር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጥቁሩን በርኖስህንና ቦቲ ጫማህን እንዳደረግህ ሚዛኑ ላይ ወጣህ። ማውለቅ ነበረብህ። ሰልፉ እስከ መመዘኛው ክፍል ውስጥ ገብቶ ነበርና ትከሻህ እንዲታይ አልፈለግህም። ሲስተሯም አውልቅ አላለችህም። የክንድ መለኪያው ሜትር ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ያነሳው የለም። ቁጥሩን ጻፈችና «ክብደትህ ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህ ለባሰበት ይሰጥ» አለች። አንተም አመሰገንካት። አመሰገንካት እኮ!

እኔስ? ጀርባህን የማጥበው እኔ፣ የጎድንህን አጥንት አንድ በአንድ የማውቀው እኔ፣ አጠገብህ ቆሜ ደስ አለኝ። ቁጥሩን አመንኩ፤ ዓይኔን አላመንኩም። ከአራት ወር በኋላ ሳንባ ምች ሲይዝህ የምትቋቋምበት አቅም አልነበረህም።

በርኖስህን ለአርባህ ለካህናት ስጪ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ባለፈው ሳምንት በቀጠሮዬ ቀን ከነቦቲው ተሸክሜው ሄድኩና ራሴ ከመመዘኔ በፊት ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። አምስት ኪሎ ሞላ። ሲስተሯ መጀመሪያ ያበድኩ መስሏት ነበር። ስምህን ስነግራት ካርድህን አፈላልጋ አየችው፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም። ልሰድባት ነበር የሄድኩት። ያን ሁሉ ሰልፍ ብቻዋን ስትመዝን እንደምትውል ሳይ ስድቡ አፌ ላይ ቀረ፤ ንዴቱ ግን አልቀረም።

ከኋላዬ ከአንኮበር የመጣች ሴት ነበረች። ጋቢዋን በሹራብ ላይ ደርባ ሚዛኑ ላይ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኳት። በጣቶቼ መሃል የቀረው አጥንት ብቻ ነበር። አውልቂ አልኳት፤ ሰልፉን አይታ አንገቷን ደፋች። ክፍሉ መጋረጃ የለውም። በርኖስህን በሁለት እጄ ዘርግቼ ከለልኳት፣ በስስ ቀሚሷ ተመዘነች፣ አልሚ ምግቧን ይዛ ወጣች።

ከእንግዲህ በየቀጠሮው ይዤው እሄዳለሁ። መጋረጃ እስኪሰቅሉ፣ ሜትሩን አንስተው ክንድ እስኪለኩ ድረስ እጨቀጭቃቸዋለሁ፤ እስከዚያው እጄ እስኪዝል እዘረጋዋለሁ። እስካለሁ አልረሳህም፣ ደምሴ። ያን ቀን ግን እንዲሁ አድርጌ አንተን ልከልልህ ይገባኝ ነበር።