ጋሽ ቶሎና ያቺ ጥቁር መስመር

ሠፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ቶሎ የሚላቸው አባታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አዋላጇ እስክትደርስ እንኳ አልጠበቁም፤ ከዚያም ወዲህ ማንንም ጠብቀው አያውቁም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ተከታተሉ ማለት ይከብዳል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። በልጅነታቸው የብረት በርና መስኮት ከሚሠራ ወርክሾፕ ገብተው ብየዳ ተማሩና በ1974 ዓ.ም. የራሳቸውን ከፈቱ። በዚያው ዓመት እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። እራታቸውን ቆመው ሲበሉ እናታችን «ኧረ ቁጭ በል አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ አይናከስም!» እያሉ ይቆጧቸው ነበር።

በወርክሾፑ ብረት ያልወደቀበት እግር የለም። ጥፍሩ የጠቆረ ጀማሪ «አሁን ገና ሠራተኛ ሆንክ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። እንግዲህ በአባታችን የግራ እግር አውራ ጣት ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር ስትወጣ ማን ልብ ይበላት? ብረት መትቶኝ ነው አሉ፤ እኛም አመንን። የተመታ ጥፍር ሲያድግ ጥቁረቱም አብሮት ወደ ፊት ይሄዳል። ያቺ ግን ከሥሯ ሳትነቃነቅ ሰፋች፣ ጥፍሩን ሰነጠቀችው፣ ዙሪያውን ቆዳ አጠቆረችው። ኋላ ጎትተን የወሰድናቸው ሐኪም አስመርምረው የቆዳ ካንሰር ነው፣ ጣቱ ይቆረጥ ሲሉ፣ አባታችን ክረምቱን ሙሉ አሻፈረኝ አሉ። ከበሽታው ይልቅ መቀመጥን ፈሩ። በመጨረሻ ተቆረጠ፤ በሽታው ግን ቀድሟቸው ሳንባቸው ገብቶ ነበር። በዕድሜያቸው የዘገዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

ከዚያማ እረፍት ነሱን። በክራንች ወርክሾፕ ገብተው «ሁላችሁም ጫማ አውልቁ!» አሉ። የካልሲው ሽታ አይነሣ፤ ተሳቀ። እዚያው በያጅ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ግን አልሳቀም፤ መስመሯ እሱም የእግር ጥፍር ላይ ነበረች። «ነገ እሄዳለሁ ጋሼ» ቢላቸው «እኔም ነገ ስል ነው!» ብለው ሥራውን አስጥለው፣ እያነከሱ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በጊዜ ስለተደረሰበት ጥፍሩን ብቻ አጥቶ ዳነ።

አባታችን ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል ከፊት በስተግራ ያለው ያ የወንድማቸው ልጅ ነው።

እናንተም ቤት ስትገቡ፣ ስለ እሳቸው ብላችሁ ጫማችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን እዩ። አምላክ ጋሽ ቶሎን ከጎኑ ቁጭ ያድርግልን፤ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን።