ላልቆመ ገበያ ዋጋ አይጠራም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በላይነህ፣ ሁመራ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ ቀለል አለልዎት ወይ? እትዬ ዙፋን ከወባዋ ተሻላት? ልጆቹስ? እኛ ዝናሙ ጣራውን እየደበደበ እንቅልፍ ከመንሳቱ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነን ብዬ ጻፍሁ እንጂ፣ ጋሼ፣ ደህናስ አይደለንም። ስልክ ያልደወልሁት ወድጄ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ ማውራት ስለፈራሁ ነው።

ነገሩ የታናሻችን የያየህ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ ወረታ ሩዝ ይነግድ የነበረው ሉቃስ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ለያየህ ትቶለት ሄደ። ውስጡ የገበያ ዋጋ የሚሥል ፕሮግራም አለ። ያየህ በየገበያው ቀን ሩዝ ጠዋት በስንት እንደጀመረ፣ ማታ በስንት እንደዋለ ይጽፍለታል። እሱም ሻማ የመሰለ ነገር ያቆማል፤ ዋጋ ከወጣ አረንጓዴ፣ ከወረደ ቀይ። ከሻማዎቹ ወዲያ ደግሞ ገና ላልመጣው ገበያ የነጠብጣብ መስመር ይዘረጋል። ሉቃስ ሲሰናበት፣ ይኼ የነገርኸውን ብቻ ነው የሚያውቅ፣ ያልነገርኸውን ይገምታል ብሎት ነበር። ማን ሰምቶት! ግንቦት ላይ ሰው ሁሉ ሲሸጥ መስመሩ ጠብቅ አለው፣ ጠበቀ፣ ቀናው። ከዚያ ወዲህ ገበሬ መጠየቅም ሰማይ ማየትም ተወ። ባለቤቴ አስማረ፣ አንተ ያየህ፣ ይኼ ሻማህ ርብ ሲሞላ ያውቃል ወይ ቢለው፣ ዝናሙም ወንዙም ዋጋው ውስጥ አለ፣ አያ አስማረ፤ ዋጋ የማያውቀው ነገር የለም ብሎ ሳቀበት። እንግዲያ ሻማህ ይቀድስልህ አለው አስማረ።

አምና ርብ ሞልቶ የይፋግ ገበያ ያልቆመበትን ሰሞን ያስታውሳሉ። የቁሐር ሚካኤሏን ሙናዬን ከነአህያዋ ውኃ የወሰዳት፣ ሬሳዋ ሳይገኝ ተዝካሯ የወጣላት ያኔ ነው። አንድ ቀን ያየህ ኮምፒውተሩን ሲያሳየኝ ያን ሰሞን ፈለግሁት። ባዶ መሆን ነበረበት። ሻማ ግን ቆሟል፤ ቀጭን፣ ቀለም የሌለው። ማን ጻፈው ብዬ ብጠይቀው፣ ፕሮግራሙ ክፍተት ሲያገኝ ፊትና ኋላውን አይቶ ራሱ ይሞላል አለኝ። እናታችን ውኃ በሞላ ቁጥር ምን ትለን ነበር? ላልቆመ ገበያ ዋጋ አይጠራም፣ የሰማ ይመጣል። ዛሬም በኛ አገር ርብ ከሞላ ዋጋ በአፉ የሚጠራ የለም። ታዲያ ያን ቀን ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ አልሁት። እኸ! እታለም፣ ስሌት እኮ ነው አለኝ።

ዘንድሮም ርብ ሞላ። ነጠብጣቡ ግን ለይፋግ ገበያ ሽቅብ ይወጣል። ገበያው እንደማይቆም ከወዲያ የመጣ ሁሉ እየነገረው፣ ያየህ ሩዙን በአህዮቹ ጭኖ፣ ድልድዩን ትቶ በታችኛው መንገድ ወረደ። እኔ ለሚካኤል ተሳልሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ጆንያዎቹ ባዶ ናቸው፣ ተጣጥፈዋል፣ ደረቅ ናቸው። ያን ዕለት ዝናሙ ከንጋት ጀምሮ ለአፍታ አላባራም ነበር፣ ጋሼ። መስመሩ ባለው ዋጋ ሸጥሁት አለኝ። ሰዉ ጢም ብሎ ድምፅ አልነበረም አለ። እዚያ አልዘነበም አለ። ሁሉንም የገዛችው አንዲት ፊቷን የተከናነበች ሴት ናት፤ እሷ ደረቅ፣ ከአህያዋ ግን ውኃ ይንጠባጠብ ነበር ብሎ እንደ ቀልድ ነገረኝ። በማግሥቱ ከይፋግ የመጣች ሽንኩርት ነጋዴ ብጠይቅ፣ ምን ገበያ አለ፣ ሜዳው ላይ ዳክዬ ነው የዋለው አለችኝ። ያመጣውን ብር ምድጃ ዳር ዘርግቼዋለሁ። እስካሁን አልደረቀም።

ኮምፒውተሩን ባዶ ጎታ ውስጥ ሸሸግሁት። ይጣላኛል ብዬ ስፈራ ጭራሽ አልጠየቀኝም። አልፈለግኸውም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ምን ያደርግልኛል፣ የሚቀጥለውን ዋጋ እሷው ነግራኛለች አለኝ። ከፍልሰታ በኋላ ላለው ገበያ የቀረውን ሩዝ ይዞ ሊወርድ ነው። አህዮቹ ወደ ታችኛው መንገድ ሲነዳቸው እግራቸውን ተክለው እምቢ ይላሉ። እሱ ግን፣ ግድ የለም፣ ራሴ እሸከመዋለሁ ይላል።

ጋሼ፣ አባት ሆነው ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። አስማረ ቢመክረው ይስቃል፣ እኔ ባለቅስ ፊቱን ያዞራል። ከእርስዎ ቃል ግን ወጥቶ አያውቅም። የሰሊጡን አረም ለሰው አደራ ብለው ከዚያ ገበያ በፊት ይድረሱልኝ። ውኃ አንድ ጊዜ ከወሰደው በኋላ ቢመጡ ለለቅሶ ነው።

እትዬ ዙፋንን ሰላም ይበሉልኝ፣ የላከችው ሰሊጥ ደርሶኛል። ማህደርን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ትንሹ ተክለ ማርያም ጥርስ አበቀለ ወይ? አስማረ ጉልበትዎን ይስማል። ያየህም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ምን እንደምጽፍ አያውቅም።

ሲመጡ አዲስ ዘመንን ካለፉ በኋላ፣ ወረታ እስኪደርሱ ከመኪናው አይውረዱ። መንገድ ዳር ቆማ፣ ሩዝ ስንት ገባ ብላ የምትጠይቅዎ ሴት ብትኖር፣ አደራዎን፣ አይመልሱላት።

እህትዎ ደብሬ
ወረታ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.