መብራቱን ማን አደከመው?

ጥር 6
ሥራ ቀዝቀዝ ያለበት ቀን። ሁለት የእጅ ሰዓት፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት... በቃ። የግድግዳውን ለባለቤቱ አድርሼ ሊመሻሽ ሲል ወደ ቤት ነዳሁ። መኪናዋን የምይዘው እንዲህ ትልልቅ ሰዓት ወይ ሚስቴን ገበያ የማደርስ ቀን ብቻ ነው፤ ሱቄ ለቤታችን ቅርብ ስለሆነ ሌላውን ቀን በእግሬ ነው።
የፊት መብራቱ ደከመብኝ። አበራሁት፤ መንገዱ ላይ የሚወርደው ብርሃን ግን ውሃ የበዛበት ሻይ ይመስላል። አምፖሎቹን የለወጠልኝ መካኒኩ ነው፣ በቅርቡ። አዲስ ነው ብሎ አሮጌ ገጥሞልኝ ይሆን? ሰው እንዲህ ያደርጋል? ያደርጋል እንጂ።
ለሚስቴ ነገርኳት። "መብራቱ ነው የደከመው?" አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምንድነው እንዲህ የሚያሳያት?

ጥር 9
መካኒኩ ጋ ሄድኩ። መኪናዋን ግድግዳ ፊት አቁሞ መብራቱን አበራ። "ጋሼ፣ ይኸው ወለል አድርጎ ያበራል!" ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን ለካ። ሞተሩን አስነስቶ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አለመሙላቱን አየ። ከባትሪው ወጥታ ከመኪናዋ አካል ጋር የምትታሰረዋን ገመድ ፈቶ ዝገቷን በሽቦ ብሩሽ ፋቀ።
"አሮጌ መኪና ላይ መብራት ከደከመ ወይ ዲናሞው ነው፣ ወይ ይቺ ገመድ ናት፣ ወይ የመብራቱ መስታወት ደብዝዟል። የእርስዎ ሁሉም ደህና ነው።"
"ታዲያ ለምን አይታየኝም?"
ትከሻውን ነቀነቀ። ትከሻ ነቅናቂ ሰው አልወድም። የሚያውቀውን ላለመናገር ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ጥር 10
መሽቶ ስመለስ ያው ነው። ውሃ የበዛበት ሻይ። አምፖሎቹን ራሴ ነቅዬ አየኋቸው... አዲስ ይመስላሉ። አሮጌ አምፖል ማጠብ ይቻላል?

ጥር 14
ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ስገባ ጉልበቴ መሪውን መታው። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል። የውስጥ መስታወቱም ዝቅ ብሏል። እኔ ረጅም ነኝ። አጭሩ ማን ነው?
ሚስቴ ልብስ እያሰጣች ነበር።
"መኪናዋን የነካ ሰው አለ?"
"ማን ይነካታል?"
ጥያቄን በጥያቄ! ደግሞ ፊቷን አንሶላው ሸፍኖታል፤ ወይስ ራሷ ናት የሸፈነችው?
አጭር ሰው ሳስብ የመጣልኝ የሚስቴ ወንድም ነው። አውቶቡስ ነጂ ነው። ድምፁ ከክላክሱ ስለሚበልጥ በሆዴ ጥሩምባ እለዋለሁ። ትርፉ ቁልፍ ያለበትን መሳቢያ ከፈትኩ። ቁልፉ አለ። ግን ሳስቀምጠው እንዲህ ነበር? በሌላ ጎኑ ነበር... ይመስለኛል።

ጥር 20
ዛሬ ደግሞ ፍሪሲዮኑ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ።
መካኒኩ የእጅ ፍሬኑን ያዘ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። "አሁን ሞተሩ መጥፋት ነበረበት" አለኝ። አልጠፋም። ዲስኩ አልቆ ይንሸራተታል ማለት ነው።
"እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ ጭኖ የሚነዳ ሰው ነው እንዲህ የሚጨርሰው። ለማጅ የነዳት ትመስላለች።"
"ከእኔ ሌላ ነጂ የላትም።"
ደግሞ ትከሻውን። ዕቃው እስኪገኝ ዳገት አያውጧት አለኝ።
ለማጅ... ጥሩምባ ስንት ዘመን የነዳ ሰው ነው፤ ለማጅ አይደለም። ቆይ ግን። ሌሎች ሰዎችን መንዳት እያስለመደባት ቢሆንስ? የእኔን መኪና የመንጃ ትምህርት ቤት አድርጓት!

ጥር 23
በቀኝ በኩል ረጅም ጭረት። ከፊት ፓራፋንጎው ተነስቶ እስከ ኋላው በር። ስፖኪዮውም ተሰንጥቋል። ጭረቱ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም አገኘሁ። የግቢያችን በር ምሰሶ አረንጓዴ ነው። ያዝኩህ!
ከሱቅ ለጥሩምባ ደወልኩለት።
"መኪናዬን እየወሰድክ ምሰሶ ትገጫለህ?"
"እኔ ነኝ ምሰሶ የገጨሁት?"
"ጭረቱ ከየት መጣ ታዲያ?"
ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጥሩምባ ዝቅ ብሎ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። "ጋሼ... እህቴን ጠይቃት" አለና ዘጋው።

ጥር 24
አልጠየቅኳትም። እራት ላይ ሁለቴ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። እሷም የሆነ ነገር ዋጠች። ምንድነው የምፈራው?

ጥር 27
በእግሬ ወደ ሱቅ ወጣሁ። ከፍቼ፣ ትንሽ ቆይቼ ዘጋሁና ተመለስኩ። ቤት ማንም የለም። መኪናዋም የለችም።
መኪና ለማስለመድ የሚመች ሜዳ በአካባቢው አንድ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው። ሄድኩ። አጥሩን ተጠግቼ አየሁ። መኪናዬ እንደ እንቁራሪት እየዘለለች መጣች፣ ጠፋች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ዘለለች። ጥሩምባ ከጎን ተቀምጦ እጁን ያወናጭፋል። መሪውን የያዘችው ሚስቴ ናት። ምላሷን በጥርሷ ነክሳ...
አልጮህኩም። ዞሬ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዋ፣ ተደብቃ፣ መንዳት የምትማረው ለምንድነው? ሰው መንዳት የሚማረው ለመሄድ ነው። ወዴት ነው የምትሄደው? ከማን ነው የምትሄደው?

ጥር 28
"ልትሄጂ ነው?" አልኳት።
"ወዴት?"
"እኔ ምን አውቃለሁ... ከዚህ ቤት።"
መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና አለቀሰች። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ከሄድኩ ለአንተ ማን ይነዳልሃል?"
"ለእኔ ለምን ይነዱልኛል?"
"በቀኝ በኩል አታይማ!"
ሁሉንም ነገረችኝ። ምሰሶውን የገጨሁት እኔ ነኝ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። "ምንድነው የተንቋቋው?" ብያት "ድንጋይ ነው" አለችኝ፤ ትዝ ይለኛል። ታኅሣሥ ውስጥ ደግሞ ገበያው ጋ ጮኸችብኝ፣ ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ምን ያስጮህሻል ብዬ ተቆጣኋት። ለካ ሴትዮ ልጇን ይዛ ከቀኝ እየተሻገረች ነበር። ልጁ ኮፈኑን በእጁ ነክቶት አለፈ አለችኝ።
ሴትዮዋንም ልጇንም አላየኋቸውም። ያኔም አላየኋቸው፣ አሁንም ሳስታውስ መንገዱ ባዶ ነው።
"ለምን አልነገርሽኝም?"
"ዓይንህን ታየው ብዬ አልለመንኩህም? በዚህ ዓይኔ ፀጉር የምታህል ስፕሪንግ እገጥማለሁ እያልክ አሾፍክብኝ። አንተ እኔን ከምታምን መካኒኩን ብትጠረጥር ይቀልሃል።"


ጥር 30
አላመንኳትም። ሱቅ ውስጥ ራሴን ፈተንኩ። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ የግድግዳ ሰዓቶቼን አየሁ። መሃል ያለውን ጥርት አድርጌ አየዋለሁ፣ ቀጭኗን የሴኮንድ ቆጣሪ ሳይቀር። ዙሪያው የተሰቀሉት ግን... ጨለማም አይደለም፣ ጉምም አይደለም። የሉም፣ በቃ። ሲቆጥሩ እሰማቸዋለሁ፣ ግን የሉም።
በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

የካቲት 4
የዓይን ሐኪም ጋ፣ ከሚስቴ ጋር። ሳህን በመሰለ ማሽን ውስጥ አገጬን አስደግፈውኝ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን ተጫን አሉኝ። ብዙ ጊዜ ምንም ብልጭ አላለም። "ማሽኑ ይሠራል?" ብዬ ጠየቅኩ። ሚስቴ ከኋላዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።
የዓይን ግፊት ነው አለች ሐኪሟ። መሃሉን ትቶ ከዳር ዳር ይበላል፤ ስለዚህ ነው ሰዓት እየጠገንኩ ያልታወቀኝ። ግራውንም ጀምሮታል። ሲመሽ መብራቱ የደከመ የሚመስለኝም በዚሁ ነው።
"የጠፋው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን። መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቆማሉ።"
እንዲህ በቀላሉ ያቆማሉ ይባላል? ልጅ ናት፤ ብትሳሳትስ?

የካቲት 6
ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ። ያንኑ አለ።

የካቲት 9
ቁልፉን ለሚስቴ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት እንጂ በእጇ መስጠት አቃተኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። 
ሲመሽ ለጥሩምባ ደወልኩ። ይቅር በለኝ፣ በመኪናዬ ለማጆች እያስለመድክ መስሎኝ ነበር አልኩት። ስልኩ እስኪሰነጠቅ ሳቀ። "ጋሼ፣ እህቴን ከማስለምድ አውቶቡሱን ሙሉ ሰው ባስለምድ ይቀለኝ ነበር!"

የካቲት 17
የፍሪሲዮኑ ዲስክ ተለወጠ። መካኒኩ አሮጌውን አውጥቶ አሳየን፤ እንደ አለቀ ሶል ሳስቷል። ሚስቴን "እትዬ፣ ማርሽ ካስገቡ በኋላ እግርዎን ሙሉ ለሙሉ ያንሱ እንጂ እላዩ ላይ አያሳርፉት" አላት። እንዴት አወቀ? እሷ አቀረቀረች።
"እሷ አይደለችም። ዲስኩ አርጅቶ ነው" አልኩት።
ትከሻውን ነቀነቀ። በዚህኛው አልተቀየምኩትም።

መጋቢት 12
መንጃ ፈቃዷን ካገኘች ወዲህ ስትነዳ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ለአንድ ትምህርት ቤት ማድረስ ነበረብኝ፣ እሷ ነዳችልኝ። ሰዓቱን ጭኔ ላይ አቅፌ ከጎን ተቀመጥኩ። እግሬ ወለሉ ላይ ፍሬን ይፈልጋል... የለም። ማርሽ ስትለውጥ ጥርሴን ነከስኩ። ምንም አልዘለለችም።
መስቀለኛው ጋ አንድ የቆመ የጭነት መኪና መንገዱን ከልሎባት ቆመች።
"በአንተ በኩል የሚመጣ አለ?"
እኔን ጠየቀችኝ። በዚያ በኩል፣ እኔን! አንገቴን እንደ ጉጉት ሙሉ አዙሬ፣ በግራው ዓይኔ፣ ደግሜ አየሁ።
"የለም፣ እለፊ።"
አላለፈችም። ደረቷን መሪው ላይ አስደግፋ፣ በእኔ ፊት አሻግራ፣ ራሷ ቀኙን አየች። ከዚያ ነዳች።
ተጠራጣሪ! አልኩ በልቤ። እሰይ።