አያትሽ ያጠበችው ቆሻሻ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7 ቀን

ለማትጠገቢው፣ ለነገረኛዋ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ መልኬም እያማረ ሄዷል። አያትሽን ብትጠይቂያት ግን ትክዳለች።

አባትሽ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት በሚያመነጨው ጣቢያ የምድጃው ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ቆሻሻው ይነዳል፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተሩን ያዞራል፣ ሰፈሩ ይበራል። እርጥብ ከገባ ግን እሳቱ ይልፈሰፈሳል። ሰሞኑን ደግሞ የኛ ሰፈር ጆንያ በገባ ቁጥር ሊጠፋ ይደርስ ነበር። አለቆቹም «እስከ ቅዳሜ እሳቱ ካልጸና እንዘጋዋለን» ብለው ቁርጡን ነገሩት።

አባትሽ ከነጥላሸቱ ከተፍ ሲል አያትሽ ጓሮ ቁጭ ብላ ፌስታልና ካርቶን በሳሙና ትፈትጋለች!

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጆንያውን መንገድ ላይ ፈትታችሁ አይደል የምትለዩት? ሰው ጉዴን ይይልኝ? ከኔ ቤት ቆሻሻ እንኳ የሚወጣው ታጥቦ ነው!»

ለካ ጎረቤቱም እሷን አይቶ ሲያጥብ ከርሟል።

«እሳቴን የምታጠፊው አንቺ ነሻ!» አለ አባትሽ ራሱን ይዞ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጥርስህን ሰብስብ!» አለችኝ።

ማጠቡን ተወች መሰለሽ? ወይ ንቅንቅ! ያጠበችውን የልብስ ገመድ ላይ ታሰጣ ጀመር። ፌስታሉ በመቆንጠጫ ተይዞ ሲውለበለብ ብታይ፣ ሰርግ ያለብን ነው የምንመስለው። ጎረቤቱም ገመድ ወጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት አባትሽ «ደረቅ ነገር ካላችሁ አንዳች እንዳታስቀሩ» ብሎ መኪና ላከ። የተሰበረ ወንበሬን ጫንኩ፣ አሮጌ ፍራሽ ጫንኩ፣ የተቀደደውን የትምህርት ቤት ቦርሳሽን ከላይ ጣል አደረግሁ። አያትሽ በዚያ ወገቧ መኪናው ላይ ተንጠራርታ ቦርሳውን መንጭቃ አወረደችው።

«ከተማው ይጨልም እንጂ ይሄ አይነድም!»

ከተማውም አልጨለመም። እሳቱ ቀኑን ሙሉ ጸንቶ ዋለ፤ አለቆቹ የመዝጋቱን ነገር ተዉት። አባትሽ አሁን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ አያትሽም ጣቢያውን ከመዘጋት ያዳነችው እሷ እንደሆነች ለመንገደኛው ሁሉ ታወራለች።

ቦርሳሽን አጥባ፣ አስጥታ፣ እኔ ራስጌ ሰቀለችው። ጠዋት ጠዋት ስነሳ ግንባሬን ይለኛል። ሚስማሩን ልነቅለው ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ አልቻልኩም።

መንገድሽ ቀና፣ ጎረቤትሽ ደግ፣ መመለሻሽ ቅርብ ይሁን።

ቆንጆው አያትሽ