«አቋርጣለች» ስለተባለችው ሕፃን

ለተከበሩ የከተማችን የጤናና የሕፃናት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ልጆችዎስ? በዚህ የጦርነት ዘመን በሰላም አድሮ በሰላም መዋል ትልቅ ነገር ነውና ለሁላችሁም ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ባለፈው ስብሰባ «በማዕከላችን አንድም ሕፃን አልሞተም፤ ጥቂቶች ብቻ ክትትላቸውን አቋርጠዋል» ሲሉ ከኋላ ወንበር አዳምጬዎታለሁ። ካቋረጡት አንዷ የሟች እህቴ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ሚጢጢ እንላት ነበር። የሞተችው በማዕከልዎ ሳይሆን በእኔ አልጋ ላይ ስለሆነ፣ ንግግርዎ ሐሰት እንዳልነበረበት እመሰክራለሁ።

1ኛ/ ተኩሱ ሲቀርብ የሠራተኞችዎን ደኅንነት አስቀድመው፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ምግብ የሚታደልበትን ክፍል ወደ ወንዙ ማዶ ስላዛወሩ እናመሰግናለን። ድልድዩ ግን በዚያው ሰሞን ተዘጋብን።

2ኛ/ ድልድዩ ሲከፈት ሚጢጢን አዝዬ፣ አንገቷ ትከሻዬ ላይ እየወደቀ፣ መስኮታችሁ ደረስኩ። ጸሐፊዎ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ልጅቷ ስላቋረጠች እንደ አዲስ የምትመዘገበው ወላጅ እናቷ ስትመጣ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። እናቷ ከመቃብር እንደማትመጣ ብነግራቸው፣ ከሚመለከተው አካል ማስረጃ እንዳመጣ መከሩኝ። የሚመለከተው አካል ቢሮው በቦምብ ፈርሷል። ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝና ይዣት ተመለስኩ።

3ኛ/ ስለ ቃሏ ነው። እኔ በማውቀው አማርኛ ማቋረጥ ወይ መሻገር ነው፣ ወይ የጀመሩትን መተው። ሚጢጢ ወንዙን እንድታቋርጥ አልተፈቀደላትም። ምግቡንም አልተወችም፤ ያለቀውን የምግብ እሽግ እንኳ ቀድዳችሁ ካላስላሳችሁኝ የምትል ልጅ ነበረች።

ክቡር ሆይ፣ ናፍቃኛለች። ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁራጭ ጨርቅ ትለቃቅም ነበር፤ አሁን ጨርቁ እንደወደቀ ይውላል።

ካሳ አልጠይቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ «አንዲት ሕፃን ሞታብናለች» ይበሉልኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

የሚጢጢ አክስት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከሠራተኞችዎ አንዷ ቤቴ መጥታ፣ ሚጢጢ ያለ እናትም እንድትመገብ ተፈቅዷልና ሰኞ ትምጣ ስትል አበሰረችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ መመለሱ ነውር ስለመሰለኝ፣ መቃብሯን ወስጄ አሳየኋት። ሠራተኛዋ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከጽሕፈት ቤትዎ ሰው ሲያለቅስላት ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነውና፣ በሥራ ሰዓት አልቅሳለች ብለው እንዳይቀጡብኝ አደራ።