በአንበሳው ራስ ላይ ያለው ጉብታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከንፈሬ አብጦ ሾርባ እንኳ አላስጠጣ አለኝ። አፌ አያርፍማ!

ጠዋት ሁለት ወንድማማቾች መናኸሪያ ወዳለችው የአሮጌ ሳንቲም ሱቄ መጡ። የታናሽየው እጅ በጄሶ ታስሯል። የሰበረው ታላቅየው ነው፤ አባታቸው ባወረሳቸው የንጉሡ ዘመን ሃምሳ ሳንቲም ተጣልተው። ሳንቲሙ ላይ ያለው አንበሳ ራሱ ላይ ጥቁር ጉብታ አለው። "ሲታተም የተሳሳተ ነው፣ ብዙ ያወጣል" ብሎ አንዱ ነግሯቸዋል።

"በጌታ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን" አለ ታናሽየው።

ሳንቲሙን ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክሬ በመፋቂያ አሸሁት። የማተሚያ ስህተት ከሳንቲሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ቢያሹት አይለቅም። ጉብታው ግን ተቀርፎ ወደቀ። የደረቀ ሙጫ ነው።

"እድፍ ነው" አልኩ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ወደ ታላቅየው ዞሬ "የወንድምህን እጅ ለእድፍ ሰበርክ" አልኩት።

በቡጢ አፌን አለኝ። ጥርሴ ከንፈሬን በሳው። ታናሽየው በደህናው እጁ የወንድሙን አንገት ሊያንቅ ተነሳ። ጎረቤቶች ገብተው እየጎተቱ አወጧቸው። ታላቅየው ከበሩ ላይ "ለአንተ ይሁን!" ብሎ ሳንቲሙን ወረወረብኝና ሄደ።

ሳንቲሙ ደሜ ላይ ወድቆ ስለነበር አጠብኩት። በአጉሊ መነጽር ሳየው ክው አልኩ። ሙጫው የነበረበት ቦታ ላይ የአንበሳው ዘውድ ሁለት ጊዜ ታትሟል። ደጋግሜ አሸሁት። አይለቅም።

እድፉ ሲለቅ ከሥሩ ምን እንዳለ ሳላይ ፈረድኩ። አሁን ብነግራቸው ይገዳደላሉ።

ታላቅየው "ለአንተ ይሁን" ብሏል። ታናሽየው ግን አላለም።